ጫካም ይርበዋል

ጤፍ ማዳበሪያ ይፈልጋል ቢባል የሚገረም ሰው የለም። ስንዴም በቆሎም እንደዚያው። ጫካ ማዳበሪያ ይፈልጋል ቢባል ግን ብዙዎቻችን ፈገግ እንላለን። ጫካን ማን ዘራው? ማን ኮተኮተው? ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ መልሶ ዛፉን ይመግባል። ከማንም ሳይጠብቅ ራሱን የሚያኖር ነገር ነው ብለን ነው የምናስበው።

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ነገሩ የሚለወጠው ሰው ዛፍ በሌለበት ቦታ ካልተከልኩ ብሎ ሲነሳ ነው። ለዚህ ከስኮትላንድ ኮረብታዎች የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እዚያ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዛፍን እንደ ሰብል በማዳበሪያ ሲያሳድጉ ኖረዋል። መጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ በሄሊኮፕተር።

የስኮትላንድ ኮረብታ ስል ግን የጉናን ወይም የጮቄን ከፍታ እንዳታስቡ። 300 እና 400 ሜትር ላይ ያለ መሬት ነው። በእኛ አቆጣጠር ቆላ፣ እንዲያውም በረሃ ነው የሚባለው። እነሱ ጋ ግን በሰሜን ርቀቱ ምክንያት በዚህ ከፍታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ነፋሱ ዛፍ ይነቅላል።

ነገሩ የጀመረው በጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ እንጨት አጠራት። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እንጨት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መንገድ ላይ ያስቀሩት ነበር። የድንጋይ ከሰል የሚወጣባቸው ጉድጓዶች ደግሞ ጣሪያቸው እንዳይናድ በእንጨት ነበር የሚደገፉት። እንጨት ከሌለ ከሰል የለም። ከሰል ከሌለ ባቡርም፣ ፋብሪካም፣ የጦር መርከብም የለም። በዚያ ጊዜ በደን የተሸፈነው የአገሪቱ መሬት 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ጦርነቱ ባለቀ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ የደን ኮሚሽን የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ግን ደኑ የት ይተከል? ጥሩው መሬት የገበሬ ነው። ለደን የተረፈው ማንም ያልፈለገው፣ በግ እንኳ በግድ የሚግጠው ኮረብታ ነበር። ብዙው ደግሞ ፒት የሚባል ነገር የሸፈነው ነው።

ፒት ምንድን ነው? አፈር ይመስላል እንጂ በእኛ አገባብ አፈር ማለት ይከብዳል። መሬቱ ውሃ ያቆረ ስለሆነ የሞተው ሣርና ሽበት (እርጥብ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው ለስላሳ አጭር ተክል) በደንብ አይበሰብስም። ለመበስበስ አየር ያስፈልጋል፤ እዚያ አየር የለም። ስለዚህ ያልበሰበሰው ቅሪት በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እየተደራረበ ይከማቻል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ነገር ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ብዙ ሜትር ነው። ሰዎቹ እየቆረጡና እያደረቁ እንደ ኩበት ያነዱት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የረሃቡ ምንጭ። ዛፍ ፎስፈረስና ፖታሲየም የሚያገኘው በዋናነት ከአለት ነው። አለት በዝናብና በጊዜ ብዛት ይፈረካከሳል፣ ማዕድኑን ይለቃል፣ ሥር ይወስደዋል። ወፍራም ፒት ላይ የበቀለ ተክል ግን ሥሩ አለት ጋ አይደርስም። የሚያገኘው ማዕድን ከሰማይ በዝናብና በአቧራ የሚወርድለትን ብቻ ነው። ለሽበትና ለአጭር ቁጥቋጦ ይበቃል። 20 እና 30 ሜትር ቁመት ለሚመኝ ዛፍ ግን ከአፍ አይተርፍም።

የተመረጠው ዛፍ ደግሞ በላተኛ ነው። ስሙ ሲትካ ስፕሩስ ነው። የትውልድ አገሩ ከአላስካ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ ያለው የፓስፊክ ጠረፍ ሲሆን ዘሩን ወደ ብሪታንያ የላከው ዴቪድ ዳግላስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ዕፅ ሰብሳቢ ነው፣ በ1831። ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፤ በእጅ ብትጨብጡት ይዋጋል። ዝናብ ይወዳል፣ ነፋስ ይችላል፣ ሲመቸው በፍጥነት ይመዘዛል። ለእኛ ባህር ዛፍ እንደሆነው ለብሪታንያ ሲትካ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ከአገሪቱ የመርፌ ቅጠል ደን ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። እንደ ባህር ዛፍም ወዳጅና ጠላት እኩል አለው።

ይህን ዛፍ ፒት ላይ ሲተክሉት መጀመሪያ የሆነው ነገር ምንም ነው። ዝም አለ። አልሞተም፣ አላደገም። ቢጫ ሆኖ፣ ጉልበት ላይ ቀርቶ፣ አሥር አሥራ አምስት ዓመት ቆመ።

መላ ከፈለጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሰር ጆን ስተርሊንግ ማክስዌል የተባሉ ባለርስት ነበሩ። ኮራወር በሚባለው ርስታቸው ላይ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከቤልጅየም የመጣ ዘዴ ሞከሩ። ፒቱን በትልቅ ጡብ መልክ እየቆረጡ ገልብጠው ያስቀምጡታል። ችግኙ የሚተከለው በተገለበጠው ጡብ ላይ ነው። ሥሩ ከውሃው ከፍ ይላል፣ አየር ያገኛል። ከዚያ በየችግኙ ሥር ትንሽ ስላግ ይጨምራሉ።

ስላግ ስለሚባለው ነገር ትንሽ ላውራ፤ ታሪኩ ደስ ይለኛል። ፎስፈረስ ለብረት ሠሪ ጠላት ነው። በብረቱ ውስጥ ከቀረ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ የተባለ የለንደን ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በትርፍ ሰዓቱ ኬሚስትሪ የሚያጠና ሰው፣ ኖራ ተጠቅሞ ፎስፈረሱን ከቀለጠው ብረት የሚያወጣበትን መንገድ አገኘ። ፎስፈረሱ ከኖራው ጋር ተያይዞ እንደ አረፋ ይንሳፈፋል፤ ያ ተረፈ ነገር ነው ስላግ። ተፈጭቶ እርሻ ላይ ሲበተን ግሩም ማዳበሪያ ሆነ። ብረቱ የጠላውን መሬቱ ወደደው። ፒት ላይ ያሉት ችግኞችም እፍኝ የማትሞላ ስላግ ሲያገኙ ከእንቅልፋቸው ነቁ።

በኋላ ላይ ስላጉን የተፈጨ የፎስፌት አለት ተካው። አለቱ በመርከብ የሚመጣው በአብዛኛው ከሰሜን አፍሪካ ነበር። የስኮትላንድ ጥድ መሰል ዛፎች በአፍሪካ አለት አደጉ ማለት ነው። ይህ አለት በተራ እርሻ ላይ ቶሎ አይሟሟም። ፒት ግን ኮምጣጣ ነው፣ ማለትም አሲዳማ፤ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ለዛፍ ደግሞ ቀስ ማለቱ ይመቻል። ጤፍ በአራት ወር ውስጥ በልቶ መጨረስ አለበት። ዛፍ አይቸኩልም። አንድ ጊዜ የተበተነ የፎስፌት አለት ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ ፎስፈረስ ጎደለ፣ ፎስፈረስ ተሰጠ፣ ዛፉ አደገ። ችግሩ፣ ፎስፈረስ ተሰጥቷቸውም ያላደጉ ዛፎች ነበሩ። ከቢጫነታቸው ጋር ቆሙ። ቅጠላቸው ሲመረመር የጎደላቸው ናይትሮጅን ነው።

ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው። ፒት ውስጥ ናይትሮጅን ሞልቷል። በአንድ ሄክታር በሺዎች ኪሎ የሚቆጠር አለ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። ናይትሮጅኑ ባልበሰበሰው ቅሪት ውስጥ ታስሯል። ፈትተው የሚያወጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በብርድ፣ በእርጥበትና በአሲድ ውስጥ ሥራቸው ይጓተታል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ጎረቤት። ኮረብታውን የሚሸፍነው ሄዘር የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት ውብ የስኮትላንድ ኮረብታ እሱ ነው። በሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው አስታን ያውቃል። ሄዘር የአስታ ዘመድ ነው፣ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። እነዚህ ተክሎች ሥራቸው ላይ የሚኖር ልዩ ፈንገስ አላቸው። ፈንገሱ ያልበሰበሰውን ነገር ራሱ እየፈታ ናይትሮጅኑን ለሄዘሩ ያቀብላል። ስፕሩስም የራሱ የሥር ፈንገስ አለው፤ ሄዘር በበዛበት ግን ያ ፈንገስ አይበረታም። ስለዚህ ከአንድ መሶብ ቀርበው አንዱ ይጎርሳል፣ ሌላው ያያል።

ደን ጠባቂዎቹ ይህን ሲረዱ ጥያቄው ተለወጠ። ዛፉ ናይትሮጅን የራበው በሄዘሩ ምክንያት ከሆነ ዩሪያ ማፍሰስ ምን ይጠቅማል? ሄዘሩን በመድኃኒት ማጥፋት ብቻውን ዛፉን ሊያስነሳው ይችላል። ሄዘሩ ባይኖርም ፒቱ ራሱ ናይትሮጅን የማይለቅ ከሆነ ግን ሄዘር ማጥፋቱ ብዙ አያመጣም። ስለዚህ መሬቱን በአራት መደቡት። ናይትሮጅን የማይቸግርበት፣ ጥፋቱ የሄዘር ብቻ የሆነበት፣ ሄዘርም መሬቱም የተባበሩበት፣ መሬቱ ራሱ ንፉግ የሆነበት። መደቡን የሚለዩት ላቦራቶሪ ከመሄዳቸው በፊት መሬቱ ላይ የበቀለውን በማየት ነው። ሞሊኒያ የሚባለው ሣር በደንብ ከበቀለ ደህና ምልክት ነው። ሄዘር ብቻ፣ ያውም አጭርና የቀጨጨ፣ ከበቀለበት መጥፎ ነው። ገበሬዎቻችን አረም አይተው የመሬት ጉልበት እንደሚያውቁት ማለት ነው።

ሦስተኛ መላም አገኙ፤ ይሄ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ነው። አንዳንድ ቦታ ስፕሩስን ሎጅፖል ፓይን ወይም የጃፓን ላርች ከሚባሉ ሌሎች የመርፌ ቅጠል ዛፎች ጋር ቀላቅለው ተክለው ነበር። ስፕሩሱ ብቻውን በተተከለበት ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ከፓይኑ ጎን ያለው ግን አረንጓዴ ሆኖ ያድጋል። ዩሪያ የሰጠው ሰው የለም። ዋናው ማብራሪያ ፓይኑና የሥሩ ፈንገሶች ከፒቱ ናይትሮጅን ማውጣት ስለሚችሉ፣ ከዚያ ስፕሩሱም ይደርሰዋል የሚል ነው። ፓይኑን ሞግዚት ዛፍ ይሉታል። ውሎ አድሮ ስፕሩሱ ሞግዚቱን በቁመት ይበልጠዋል፣ ጥላውን ያለብሰዋል፣ ፓይኑ ይሞታል። ውለታ በዚህ መልክ ነው የሚከፈለው።

እንግዲህ ዛፉ የትኛው እንደራበው በምን ይታወቃል? በዓይን የሚታየው ጥቂቱ ነው። ናይትሮጅን ሲያጥረው መላው ዛፍ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቅጠሉ ያጥራል። ፖታሲየም ሲያጥረው ቢጫው ከመርፌው ጫፍ ይጀምራል። ፎስፈረስ ግን ያታልላል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ መስሎ ያንሳል እንጂ ብዙ ምልክት የለውም። ስለዚህ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ልክ እንደ ደም ምርመራ። በጥቅምትና በኅዳር ገደማ፣ ዛፉ የዓመቱን ዕድገት ጨርሶ ሲያርፍ፣ ከላይኛው ቅርንጫፍ የዘንድሮው ቅጠል ይቆረጣል። ሌላ ወር ላይ ከተቆረጠ ቁጥሩ ይዛባል። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ ይለካል። ለሲትካ ስፕሩስ ናይትሮጅኑ ከደረቅ ክብደቱ ከ1.2 በመቶ በታች ከሆነ ተርቧል፣ ከ1.5 በላይ ከሆነ ጠግቧል። ለፎስፈረስ ድንበሮቹ 0.14 እና 0.18 ናቸው። ለፖታሲየም 0.5 እና 0.7።

ቁጥሮቹን ለየብቻ ማየት ግን ያሳስታል። እንጀራን አስቡ። ጤፉ ተፈጭቷል፣ ምጣዱ ሞቋል፣ ውሃው አለ። እርሾ ከሌለ የለም። ጤፉን እጥፍ ብታደርጉት እርሾውን አይተካም። ዛፍም እንደዚያው ነው፤ ዕድገቱን የሚወስነው በጣም ያነሰው ነገር ነው። እሱን ስትሞሉለት ደግሞ ቀጥሎ ያነሰው ይመጣል። ወፍራም ፒት ላይ ፎስፈረስ ብቻ የተሰጠው ዛፍ በደስታ ይመዘዝና ከጥቂት ዓመት በኋላ ፖታሲየም ያልቅበታል። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ሁለቱን አብረው የሚሰጡት።

መጠኑስ? በብሪታንያ የተለመደው በሄክታር 450 ኪሎ የፎስፌት አለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ፎስፈረሱ 60 ኪሎ ያህል ነው። ፖታሽ 200 ኪሎ፤ ግማሹ ፖታሲየም ነው። ዩሪያ 350 ኪሎ፤ ከዚያ 160 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። እኛ አገር ለዓመታት የተለመደው ምክር ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። ጫካው ከጤፉ በላይ በላ ማለት ነው? አይደለም። ጤፉ በየዓመቱ ነው የሚወስደው። ደኑ ግን በ40 ዓመት ዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት አራት ጊዜ ነው። የዩሪያው ጉልበት ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ስለሚቆይ ናይትሮጅን በጣም ውዱ ረሃብ ነው። ፀሐያማና ደረቅ ቀን ከተበተነ ደግሞ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ይህን ለእኛ ገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ለምን በየዓመቱ አያስፈልግም? ዛፍ ብልህ ስለሆነ ነው። በጣም የሚርበው ገና በልጅነቱ፣ ቅጠሉን ሲያበጅ ነው። ቅርንጫፎች ከጎረቤት ቅርንጫፍ ጋር ገጥመው መሬቱን ጥላ ካለበሱት በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። ሄዘሩ ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ያረጀ ቅጠል ከመርገፉ በፊት ዛፉ ፎስፈረሱንና ናይትሮጅኑን ስቦ ወደ አዲሱ ቅጠል ያዛውራል። የረገፈውም ይበሰብሳል። ያኔ ነው መጀመሪያ ያልነው፣ ራሱን የሚመግብ ጫካ፣ እውነት የሚሆነው። የደን ማዳበሪያ ሥራው እዚያ ቀን ማድረስ ነው።

ማዳበሪያውን ማን ይበትናል? ችግኝ እያለ በእጅ ይቻላል። ዛፉ ደረት ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ያ ጫካ ሰው አያስገባም፤ መሬቱ ረግረግ ነው፣ በማረሻ የተቀደደ ቦይ አለው፣ ቅጠሉ ይዋጋል። ስለዚህ ሄሊኮፕተር ከሥሩ ትልቅ ባልዲ አንጠልጥሎ እየተመላለሰ ይበትናል።

ከላይ የሚበተን ነገር ደግሞ ወሰን አያውቅም። ፒት ፎስፈረስን አጥብቆ መያዝ አይችልም። ፎስፈረስን አፈር ውስጥ የሚያስሩት ብረትና አልሙኒየም ናቸው፤ ፒት ውስጥ እነሱ ጥቂት ናቸው። ዝናቡ ሲመጣ ዛፉ ያልደረሰበት ፎስፈረስ በቦዩ ወርዶ ወደ ወንዝ፣ ከወንዙ ወደ ሎክ ይገባል። ሎክ ሐይቅ ማለት ነው። የእነዚያ ሐይቆች ውሃ በተፈጥሮው ምግብ አልባ ስለሆነ ጥቂት ፎስፈረስ እንኳ አልጌ ያስነሳበታል። የጣናን እምቦጭ ያየ ሰው፣ ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚቀልብ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ በየወንዙ ዳር ማዳበሪያ የማይነካው ሰፊ ጠርዝ ይተዋል። ውሃው ወደ አንድ ሐይቅ የሚወርደውን ደን በሙሉ በአንድ ዓመት አይረጩም፤ በየዓመቱ ቁራጭ ቁራጭ ያደርጉታል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ነገሩ እዚህ ጋ ይገለበጣል። የደጋችን ቀይ አፈር በብረትና በአልሙኒየም የተሞላ ነው። አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ፎስፈረሱን ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ገበሬው ዳፕ ይጨምራል፣ አፈሩ ይውጠዋል፣ ሥሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ስኮትላንድ ያለው ፎስፈረስ ያመልጣል፣ የእኛ ይታሰራል። አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፣ ሁለት ተቃራኒ ችግር። ስለዚህ የእነሱን መጠን ገልብጦ እዚህ ማምጣት አያዋጣም። እዚህ ብዙ ጊዜ ቀዳሚው መድኃኒት የአፈሩን አሲድ የሚያበርደው ኖራ ነው።

አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ፣ ገበሬዎች በራሳቸው ጊዜ የሠሩት ነገር ግን ከሞግዚቱ ፓይን ጋር ይመሳሰላል። ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘመድ ከጤፍ ጋር አብረው ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ለጤፉ የተሰጠው ማዳበሪያ ለችግኙም ይተርፋል። ከዚያ በዛፎቹ መሃል ሣር ይታጨዳል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱ ወደ እህል ይመለሳል። የዲከረንስ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይስባሉ። ዩሪያ የሚያመርት ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። ግን እነዚያ ባክቴሪያዎች ለሥራቸው ፎስፈረስ ይፈልጋሉ፤ ፎስፈረስ ከአየር አይሳብም። ቅርብ ዓመታት ላይ ደግሞ የዝገት በሽታ ገብቶ ዛፉን ጎድቶታል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ሁሌም ይሄ ዕዳ አለበት።

የእንጦጦን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባህር ዛፍ ሥር እናቶች ቅጠል ጠርገው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እነሱን መውቀስ አልፈልግም፤ ድህነት ነው የሚያሸክማቸው። ግን የአንድ ዛፍ ምግብ የት እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው። ግንዱ ከባድ ይሁን እንጂ በማዕድን ደሃ ነው። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ የሚታጨቁት በቅጠልና በቀጫጭን ቅርንጫፍ ነው። ግንዱን ወስደህ ቅጠሉን ብትተወው መሬቱ ብዙ አይጎዳም። ቅጠሉን በየዓመቱ ስትጠርግ ግን የምትወስደው ማዳበሪያ ነው። በብሪታንያም ደካማ መሬት ላይ ደን ሲቆረጥ ቅርንጫፉ እዚያው እንዲቀር ይመከራል፤ ተጠርጎ ከተወሰደ ቀጥሎ የሚተከለው ደን ይቀጭጫል።

ፊንላንዶች ደግሞ የተወሰደውን በአመድ ይመልሳሉ። እንጨት የሚያነድዱ የኃይል ማመንጫዎቻቸው ክምር አመድ አላቸው። ያንን ውሃው ተጠንፍፎ ደን የሆነው ፒታቸው ላይ ይበትኑታል። አመድ ፎስፈረስና ፖታሲየም አለው፤ ናይትሮጅኑ ብቻ ሲነድ በጭስ ሄዷል። ፒቱ ናይትሮጅን የሚለቅ ዓይነት ከሆነ የጎደለው ነገር በሙሉ በአመዱ ውስጥ አለ ማለት ነው። አመድ በዱቄት ይስቃል ይባላል፤ እዚህስ ቢስቅ አይፈረድበትም።

የገንዘቡን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ሰው የሚረሳው ስለሆነ ነው። ገበሬ ዛሬ ማዳበሪያ ገዝቶ በስድስት ወር ውስጥ እህል ይሸጣል። ደን ግን 8ኛ ዓመቱ ላይ ማዳበሪያ በልቶ 40ኛው ላይ ይሸጣል። በመሃል 32 ዓመት አለ። ዛሬ ያወጣችሁት 100 ፓውንድ በ5 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ ኖሮ በ32 ዓመት 476 ፓውንድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ማዳበሪያው ከ476 ፓውንድ በላይ ተጨማሪ እንጨት ካላስገኘ ኪሳራ ነው። ሄሊኮፕተሩን ጨምሩበት። ብዙ ደን ጠባቂዎች ይህን ካሰሉ በኋላ የደረሱበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ ደጋግሞ ማዳበሪያ የሚለምን መሬት ላይ መጀመሪያውኑ አትትከል።

ለዚህ የተከፈለው ትልቁ ዋጋ በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ፣ ኬትነስና ሰዘርላንድ ውስጥ፣ ፍሎው ካንትሪ በሚባለው ሰፊ የፒት ምድር ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደን የሚተክል ሀብታም ከግብሩ ላይ ብዙ ይቀነስለት ነበር። ቦታውን አይተውት የማያውቁ ባለገንዘቦች፣ ታዋቂ ሰዎች ጭምር፣ ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ትራክተሮች ፒቱን ቀደዱ፣ ውሃውን አንጠፈጠፉ፣ ሲትካና ሎጅፖል ተተከለ፣ ፎስፌት ተበተነ። የዛፉ ጉዳይ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ነበር፤ ግብሩ ነው የተከለው። ወፎች ጎጇቸውን አጡ፤ ጩኸት ተነሳ። በ1988 በጀት ላይ የግብር ቅናሹ ቀረ፤ ተከላውም ወዲያው ተቀዛቀዘ።

ኋላ ላይ ደግሞ ሌላ ስሌት መጣ። ፒት ማለት በሺህ ዓመታት የተከማቸ ካርቦን ነው። ውሃው ሲንጠፈጠፍ አየር ይገባል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ ካርቦኑ ወደ ሰማይ ይወጣል። ወፍራም ፒት ላይ የቀጨጨ ዛፍ ያንን ኪሳራ በዕድገቱ መተካት ይከብደዋል። ዛሬ በብሪታንያ ከ50 ሳንቲሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ፒት ላይ አዲስ ደን መትከል አይፈቀድም። ፍሎው ካንትሪ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

አሁን እዚያ ያሉት ሠራተኞች ዛፎቹን እየቆረጡ ናቸው። አንዳንዱ ዛፍ ያ ሁሉ ፎስፌት ተበትኖለትም ከቀጭን አጣና ስላላለፈ ገዢ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ቆርጠው ድሮ ትራክተሩ በቀደደው ቦይ ውስጥ ያጋድሙታል። ውሃው እንዲቆም፣ ሽበቱ ተመልሶ እንዲበቅል።